የሐጅ ሰፊ ጀላቢያ

ለውድ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላም በአንቺና በቤታችን ላይ ይሁን። ጤናሽ እንደምን ነው? ጉልበትሽን ገበያ ስትሄጂ ያምሻል ወይስ ተሻለሽ? እህቴ ኒዕማስ ትምህርቷን ትማራለች? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ይህን ጽፌ ወደ አገር ለምትገባው ለዘርፈሽ ሰጠኋት። ክፉ ነገር አይደለም፤ አትደንግጪ። ጽሕፈቴ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ አልጨመረምና ኒዕማ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

በዒድ የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «ልጄ ሰውነቱ ሞላ፣ ሱዳን ተስማማው» እያልሽ ለጎረቤት ሁሉ እንዳሳየሽ ሰምቻለሁ። ደስታሽን ላለመንካት ዝም አልኩ። ነገር ግን እናቴ፣ ያ የለበስኩት ሰፊ ነጭ ጀላቢያ የአሠሪዬ የሐጅ አብዱልወሃብ ነበር።

ሐጅ ቀድሞ እጅግ ወፍራም ሰው ነበሩ ይባላል። እኔ ወደዚህ፣ ሱዳን ውስጥ ሪያድ ወደሚባለው ሰፈር ሳልመጣ፣ ግብፅ ሄደው በቀዶ ጥገና ሆዳቸውን አስጠበቡ። ሐኪሞቹ አንጀታቸውንም አሳጥረው ቀጠሉት፤ ከበሉት አብዛኛው ገላቸው ውስጥ ሳይቀር እንዲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነታቸው ከሳ። ሰፋፊ ልብሶቻቸውንም ለእኔ ሰጡኝ።

ሥራዬ በር መጠበቅ፣ አትክልት ማጠጣትና የሐጅን ምሳ ማቅረብ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ፋሪሃ ቀን ቀን ሥራ ትውላለች። ገና በመጣሁ ቀን ሐጅ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ብቻዬን አልበላም፤ ቁጭ በል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳችን ከአንድ ሰሐን ነበር። እሳቸው ጥቂት ጎርሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ። አንቺ እንዳሳደግሽኝ፣ ታላቅ ሰው እጁን ከሰበሰበ በኋላ መብላት ነውር ስለሆነብኝ እኔም እሰበስባለሁ። «ኩል! ብላ እንጂ! ሆድህን አንተም ግብፅ አስቆረጥከው እንዴ?» ብለው ይቀልዱብኛል። «ጠግቤያለሁ፣ ሐጅ» እላለሁ።

አበላላቸው አሳዘነኝ። በቢላ የተቆረጠ ሰው ጠጋኝ ያስፈልገዋል ብዬ፣ አንቺ ለእኔ ከላክሽው የአጃ ዱቄት በወተትና በማር አጥሚት እየሠራሁ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አጠጣቸው ጀመርኩ። አጥሚት በእኛ ዘንድ ለታመመና ለወለደች የሚሰጥ ነው እንጂ መቼ ምግብ ተብሎ ይቆጠራል? ሐጅም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡትና «የእናትህ እጅ ይባረክ» ይላሉ።

ቀስ በቀስ ፊታቸው ሞላ፤ አዲሶቹ ልብሶቻቸው ጠበቡ። ፋሪሃ ሚዛን ላይ አቆመቻቸውና ቁጥሩን አይታ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሐበሺ፣ ምን እያበላኸው ነው? አባቴን ልትገድለው ነው?» አለች። ሐጅ «ልጁን ተይው፤ የበላሁት እኔ ነኝ» ቢሉም አልሰማቻቸውም። ሌሊቱን ሙሉ፣ ብባረር የት እንደምወድቅ ሳስብ አደርኩ።

በማግስቱ ሦስታችንም አርካዊት የሚባል ሰፈር ወዳለ ሐኪም ሄድን። የአጥሚቱን ነገር ሳልደብቅ ተናገርኩ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ዓመታት ሲያልፉ የጠበበው ሆድ እንደሚላላ፣ ያጠረው አንጀትም ቀድሞ ያሳልፈው የነበረውን እየለመደ መልሶ ወደ ገላ እንደሚያስገባ፣ ረሃቡም እንደሚመለስ ለፋሪሃ አስረዳት። በብዙ ሰው የሚደርስ ስለሆነ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ አትጣሉ አለ። ጣፋጭ መጠጥ ግን ሆድ ሳያግደው ሾልኮ ስለሚወርድ አጥሚቱ እንዲቀር አዘዘ።

ፋሪሃ አላባረረችኝም። ነገር ግን ከእንግዲህ የአባቷ ምሳ ተመዝኖ ለብቻቸው እንዲቀርብ፣ እኔም ምሳዬን በሩ አጠገብ ባለችው ክፍሌ እንድበላ ወሰነች። ሰሐኔ ሙሉ ነው እናቴ፤ ምግብ አልጎደለብኝም። ብቻዬን ስቀርብ ግን ሳልጨርሰው እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐጅ ራሳቸው ወደ ክፍሌ መጡ። አፍረው ነበር። «ያ ወለዲ፣ እነዚያ ጀላቢያዎች አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። የለበስኩትንም አውልቄ፣ ከታጠቡት ጋር አጣጥፌ አስረከብኳቸው። በሸሚዝ ብቻ ቆሜ ሲያዩኝ ትክ ብለው አዩኝ። ትከሻዬን በእጃቸው ዳበሱና «አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አሉኝ። ከዚያም ልብሱን ታቅፈው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳቸው ሲቀርብ መስኮቱን ይከፍቱና «ቢስሚላህ!» ይላሉ፤ እስከ በሩ ይሰማል። ያን ጊዜ እኔም እጀምራለሁ። የእሳቸው ምሳ ጥቂት ጉርሻ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። «አልሐምዱሊላህ» የሚሉት ግን ቆይተው ነው፤ እጅግ ቆይተው። እስከዚያ እኔም እጄን አልሰበስብም።

እንግዲህ ለጊዜው ፎቶ ላክ አትበይኝ። ዘርፈሽ ስትመለስ የአጃ ዱቄት ስጫት። ብዙ አይሁን፤ ለአንድ ሰው፣ ለእኔ ነው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ጉልበትሽን ያበርታው፤ ከአንድ ገበታ ያቅርበን። ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ