ሒክማን ከጓዳ አውጪልኝ

ለውድ እናቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? የጉልበትሽ ነገር እንዴት ሆነ? አባንስ ሳሉ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። አለሁ ስልሽ አልጋ ላይ ሆኜ ነው፤ ግን አለሁ። ባለቤቴ ሰዲቅም ደህና ነው፤ የማሾ ገበያ ቀዝቅዞበት ይነጫነጫል እንጂ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ላውድ አድርገሽ መንደሩን ሁሉ ስለምታሰሚብኝ ነው። አትቆጪ፣ እውነቴን ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ሠርጓ እስኪደርስ እህትሽን ሒክማን ጓዳ አስገባኋት ያልሽኝ ነገር። እንድታወጫት ልለምንሽ ነው የምጽፈው።

እኔን እዚያችው ጓዳ ስምንት ወር ስታስቀምጪኝ አልከፋኝም ነበር። አባ የድሮው ቤታችን ከተቃጠለ በኋላ ሲሠራት መስኮት አላወጣላትም፤ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነበር። ሙሽራ ቀልታ ትውጣ ብለሽ ነው፤ አንቺንም እናትሽ እንዲሁ አድርጋሻለች። ቀላሁም። የባሌ ዘመዶች ይቺን ከየት አገኛችኋት ሲሉ እንዴት ደስ እንዳለሽ አይቻለሁ። እኔም ኮርቼ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ።

እዚህ ከመጣሁም በኋላ ከጥላ አልወጣሁም። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ታውቂዋለሽ። መጋዘን ውስጥ ማሾ ስለቅም እውላለሁ፤ ደጅ የምወጣው ከመግሪብ በኋላ ነው። መልኬ እንዳይበላሽም እሰጋ ነበር። ከዚያ ወገቤን ያመኝ ጀመር፤ ቀጥሎ ዳሌዬን፣ ቀጥሎ ጭኔን። በሃያ አራት ዓመቴ ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ። ብርድ ነው ብለሽ የላክሽልኝን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀብቼ ጨረስኩት። አምና ከምጥ ባዶ እጄን ስመለስ ደግሞ ዓይን ነው ተባለ። እኔም ዓይን ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከባጃጅ ስወርድ እግሬ ከዳኝ። አልወደቅኩም እኮ፤ መውረድ ብቻ ነው የወረድኩት። ራጅ ሲያነሱኝ የጭኔ አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪሟ ደሜን አስመርምራ፣ ቫይታሚን ዲ የሚሉት ነገር ከሰውነቴ ተሟጦ እንዳለቀ ነገረችኝ። እሱ ከሌለ የጠጣሽው ወተት እንኳ ለአጥንትሽ አይደርስም፣ አጥንት ይለሰልሳል፣ ይጣመማል አለችኝ፤ ሰውነት የሚሠራው ደግሞ ፀሐይ ቆዳን ሲነካው ነው አለች። ሳቄ መጣ። ጎረቤቴ እትዬ አበራሽ ልትጠይቀኝ መጥታ ይህን ስትሰማ፣ ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ፀሐይ አነሰኝ የሚል ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አሁን ግን በየጠዋቱ ደግፋ ግቢ የምታወጣኝ እሷው ናት። በሳምንት አንዴ የምውጠው መድኃኒት አለኝ። ሐኪሟ ይጠገናል ብላኛለች፣ ወራት ይፈጃል እንጂ። ደክሞኛል፣ እማ። መተኛቱ ራሱ ያደክማል።

ልወቅስሽ አይደለም። ያደረግሽውን ሁሉ ያደረግሽው ወደሽኝ ነው። ሒክማ ግን ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሐኪሟ አጥንት የሚጠነክርበት ዕድሜ ይኸው ነው ብላለች። ጠዋት ጠዋት ደጅ ትውጣ፣ ውሃም ትቅዳ፣ ፊቷንና እጇን ፀሐይ ይንካው። ብትጠቁር ትጥቆር። የሙሽራው ወገኖች ካጉረመረሙ ወደ እኔ ላኪያቸው፤ እግሬን አሳያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አምና ልጄ ለምን መውጫ እንዳጣ ሐኪሟን ጠየቅኳት። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ ዳሌዬን በጣቷ እያሳየች መለሰችልኝ። ደብዳቤዬን የምታነብልሽ ሒክማ ስለሆነች መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ከአባ ጋር ያኑርሽ። የሒክማን ልጅ ያሳቅፍሽ።

የበኩር ልጅሽ