በሩ ላይ ያደረው ቁልፍ

አሕመዲን፣

ወጡን ስታሞቅ አጠገቡ ቁም፤ ባለፈው ያሳረርከው ድስት ዛሬም ተፈግፍጎ አልለቀቀም።

ሀያትን ይዤ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። መምህሯ «ሐሳቧ ይበተናል፤ ከፊት ትቀመጥ፣ ደሴ ወስዳችሁም ሐኪም ይያት» ስትል፣ አንተ ግን ማሻአላህ፣ ሳትመረምራት በሽታዋን አወቅኸው፤ ስንፍና ነው። መድኃኒቱም ልምጭ።

እኔ መምህሯን ሰምቻለሁ። ሰኞ ደሴ እንሄዳለን።

ትናንት ስለጮኽኩብህ አውፍ በለኝ። ያልኩትን ግን አልመልስም።

«ይቺ ልጅ ልብ አትልም» እያልክ ስትቆጣ ባመሸህበት ሌሊት፣ የሱቁ ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቶ አድሯል። ጠዋት አይታ ነቅላ ያመጣችው ሀያት ናት። በጆሮዬም «እማ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፤ አባዬን ይገርፉታል» አለችኝ።

ቁልፉ ከወረቀቱ ሥር ነው። ልምጩን አትፈልገው፤ ወጡ የበሰለው በሱ ነው።