ከሞተሩ ግራ በኩል የሚመጣው ድምፅ

የካቲት 3
ሠላሳ ሁለት የውሃ ቆጣሪ አነበብኩ። ሁለቱን ውሻ አላስቀርብ አለኝ። በሞተር ሳይክሏ ስመለስ ዳገቱ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ... ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ከገዛኋት ገና አሥራ አንድ ቀኗ ነው። የሸጠልኝ ሰውዬ «አሮጌ ናት እንጂ ድምፅ የላትም፣ እንደ ሙሽራ ናት» ብሎኝ ነበር። ሙሽራዋ አፍ አወጣች።

የካቲት 4
ጠዋት ስትነሳ አለ። ስትሞቅ ይቀንሳል። ስትሮጥ ግን ይጠፋል ወይስ ነፋሱ ይውጠዋል? በምን ይታወቃል? የቆጣሪ ደብተሬ ጀርባ ላይ ከነሰዓቱ መመዝገብ ጀመርኩ።

የካቲት 6
ቢሮው አጠገብ ያለው ጋራዥ ሄድኩ። ባለ ጋራዡ ስልኩን ሳይዘጋ «ቢየላ ነው» አለኝ። ፒስተኑን የሚገፋው ብረት ተበልቷል ማለቱ ነው። ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፣ ሦስት ሳምንት።
«እርግጠኛ ነህ? ጠጋ ብለህ እንኳ አልሰማኸውም እኮ።»
«እህቴ፣ አሮጌ ነገር እንዲህ ነው። ዕድሜ ነው።»
አልዋጥልሽ አለኝ። ብረት ከተበላ ሲሞቅ አይብስም?

የካቲት 7
አባዬን መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።
ሠላሳ አምስት ዓመት መካኒክ ነበር። ሞተር በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ሰምቶ ሕመሙን ይናገር ነበር። ጆሮው እንቢ ሲለው ጋራዡን ዘጋ፤ ይኸው አራት ዓመቱ፣ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ይውላል። ስገዛት አላማከርኩትም። እንዲያውም ማታ ገበታ ላይ ለእማዬ «የማይሰማ መካኒክ ምን ያደርግልኛል?» ብያለሁ፣ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። እሱ ባለበት ስለ እሱ ማውራት ለምደናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።
ሞተር ሳይክሏን እስካሁን አንድ ቀን ቀርቦ አላያትም።

የካቲት 9
ሳልጠራው መጣ! አስነስቻት ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ አጠገቤ ቆሟል።
«ምን ትላለች?»
«ቀጭ ቀጭ!» ጮህኩ።
«ኧ?»
ደብተሩን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁሉንም አነበበ።
«ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስትይዢ ይጠፋል?»
አላየሁም።
«ነዳጅ መስጫውን ስትመልሺው ይብሳል?»
አላየሁም።
«ታዲያ ምን ስትጽፊ ከረምሽ? ውሾቹን?»
አባዬ ቀለደ... መጨረሻ የቀለደው መቼ ነበር?

የካቲት 11
ፍሪሲዮን ስይዝ አይጠፋም። ነዳጅ ስመልስ ይብሳል። ቆማ፣ ነዳጅ ሳልሰጣት፣ ሚኒሞ ላይ ስትሆን ያንቀጫቅጫታል።
አነበበና «ቢየላ አይደለም» አለ። ከዚያ ደብተሩን መለሰልኝ። «ግን በወረቀት ሞተር አይፈታም። ጆሮ ይፈልጋል።» ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አንጀቴን በላው።

የካቲት 14
በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ነገ ራሴን እንዳልጠራጠር።
አባዬ ረጅሙን ካቻቢቴ ይዞ መጣ። በደጉ ጊዜ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር የሚያዳምጠው። ዛሬ እኔን ሊያስተምረኝ ነው። ሞከርኩ። የትም ባደርገው ያው ጩኸት ነው።
ትዕግሥቱ አለቀ። «ወዲህ በይው፣ ቦታውን ላሳይሽ!»
በአንድ እጁ ነዳጅ መስጫውን ያዘ። በሌላው የሞተሩን የላላ ሽፋን ደገፈ። ለካቻቢቴው እጅ ሲያጣ እጀታውን በጥርሱ ነከሰው። ጫፉ ሞተሩን እንደነካ ደርቆ ቀረ።
የታመመ መሰለኝ። «አባዬ!»
ጫፉን ወደ ግራ ወሰደው። ወደ ላይ። መለሰው። ከዚያ ካቻቢቴው ከአፉ ወደቀ።
«ይሰማኛል» አለ።
«ምኑ?!»
«ቀጭ ቀጩ ነዋ!» ካቻቢቴውን ከመሬት አነሣ። «አጥፊያት። እንደገና አስነሺያት።»
አሥር ጊዜ ሳላስነሳት አልቀርም። እማዬ ከቤት ወጥታ «ደግሞ ብረት መብላት ጀመረ?» ትላለች።
በሽታው ተገኘ። ቫልቮቹን የምታሠራው የውስጥ ካቴና ላልታለች። ወጥሮ የሚይዛት ብረት ደክሟል። ግራ በኩል፣ ከላይ።

የካቲት 15
ብረቱን ቀየረው። አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ድምፁ የለም።
እኔን ግን ሌላ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በጥርሱ ከሰማ፣ ጆሮው ሞቷል ማለት ነው ወይስ መንገዱ ነው የተዘጋው? አራት ዓመት ሙሉ «ዕድሜ ነው» ብለን ተቀመጥን። ጆሮውን ሐኪም አላየውም። እኔስ ከዚያ ባለ ጋራዥ በምን ተሻልኩ? አፈርኩ።

የካቲት 17
ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ጻፍኩለት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።
«ተይኝ። ዝምታውን ለምጄዋለሁ። ይሰማሃል ተብዬ መልሼ ባጣው... ሁለተኛ አልችለውም።»
ቀጠለና «የማይሰማ መካኒክ ምን ያደርግልኛል ብለሽ የለ? ከንፈርሽን አይቻለሁ» አለኝ።
መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ሳለቅስ ማየት አይችልም። «በቃ፣ በቃ፣ እንሄዳለን» አለ።

የካቲት 22
ሐኪሟ ሹካ የሚመስል ብረት መትታ ጆሮው አጠገብ ያዘችው። ምንም። የብረቱን እጀታ ከጆሮው ጀርባ አጥንቱ ላይ አስደገፈችው። አባዬ ቀና አለ።
«ውስጡ ደህና ነው» አለችኝ። «ድምፅ የሚያቀብሉት ትንንሽ አጥንቶች ናቸው የደረቁት። በአጥንት በኩል የሚያሰማ መሣሪያ አለ። ለመሆኑ በምን ጠረጠራችሁ?»
«በካቻቢቴ» አልኳት። ቀልድ መሰላት።

መጋቢት 21
መሣሪያው መጣ። በላስቲክ ታስሮ ከጆሮው ጀርባ ያርፋል። ቤት እንደገባን «አባዬ! ይሰማል?!» ብዬ ጮህኩ።
ፊቱ ተጨማደደ። «ምነው ልጄ፣ አጠገብሽ ነኝ እኮ።»
ድምፄን ዝቅ አደረግኩ... ከዚያ የምለው ጠፋኝ። ስንት ዓመት የጮህንለት «ብላ»፣ «ተነሥ»፣ «ዝናብ መጣ ግባ» ብቻ ነበር። ጮኸው የማይናገሩት ወሬ ሁሉ ቀርቶ ነበር ለካ።
ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመጣልኝን አወራሁት። አንዲት ባልቴት የውሃ ቆጣሪዋ ጉድጓድ ላይ ጎመን እንደተከለች፣ ሳነብ አንድ ቅጠል ብረግጥባት እንዴት አድርጋ እንደሰደበችኝ... ተራ ወሬ። አንዴም አላቋረጠኝም።
ዝም ስል ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ።
«ከዚያስ?» አለኝ።