ኪኒናቸውን ያካፈሉት ስም ጠሪ፣ አቶ አሰፋ ጌጤነህ (1950–2018 ዓ.ም.)

አይደለም። ጋሽ አሰፋን የገደሏቸው ኦቦ ዩሱፍ አይደሉም። ከትናንት ጀምሮ ድንኳኑ ጥግ ላይ «ያ የሶፊ ሰውዬ ኪኒናቸውን ወስዶ ጨረሳቸው» እያላችሁ የምታንሾካሹኩ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ስማችሁ እዚህ አይጠራም። ስም መጥራት የሟቹ ሥራ ነበር፤ እሳቸው ቢኖሩ ከነአባታችሁ፣ ሸዋ በር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ይጠሯችሁ ነበር። የሟቹ ባለቤት የወይዘሮ ፀሐይ ወንድም ጋሽ ዳዊት ግን በግልጽ ስለተናገሩ ይጠራሉ። «እውነቱ ይጻፍ! መድኃኒቱን ማን እንደወሰደ ይጻፍ!» ብለው ጠረጴዛ መትተዋል። እሺ፣ ይጻፋል። ግን እውነት ከጅራቱ አይያዝም፤ ከልደት እንጀምር።

አቶ አሰፋ ጌጤነህ ከአባታቸው ከአቶ ጌጤነህ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ በምንጃር፣ አረርቲ አካባቢ በጥቅምት ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ከወንዝ ማዶ የነበረች አክስታቸው መልእክተኛ ሳይደርስባት «ተገላገለች!» ብላ እልል አለች ይባላል፤ ጩኸታቸው ደርሷታል። ማሳ ጥበቃ ሲላኩ ወንጭፍ አይዙም ነበር፤ አንዴ «እሪ!» ካሉ ወፉ ሌላ ቀበሌ ነው የሚያርፈው። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ለምን እንዳልቀጠሉ ሲጠየቁ «መምህሩን ጆሮውን አመመው» ይሉ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ወታደር ሆነው ወደ ምሥራቅ መጡ። ጦርነቱ ላይ ግራ እግራቸውን ቆስለው ሐረር ተኝተው ታከሙ። ሲድኑ ጓዶቻቸው ሄደዋል፤ እሳቸው ቀሩ። ሐረር መቼም እንዲህ ናት፤ ለሳምንት የመጣ ሰው ልጅ ድሮባት ነው የሚወጣው። በ1972 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ስም ጠሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዳኛው «ጥራ» ሲሏቸው በረንዳ ላይ ወጥተው የባለጉዳዩን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራሉ። በሦስተኛው ያልቀረበ ሰው መዝገቡ ይዘጋበታል። የስንቱ ሰው መሬትና ትዳር በእሳቸው ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. አስተማሪ ከነበሩት ከወይዘሮ ፀሐይ ጋር ተጋቡ። የተዋወቁት እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ለምስክርነት መጥተው ገና በመጀመሪያው ጥሪ ቀርበው ሳለ ጋሽ አሰፋ ሁለቴ ደገሙት። «እዚህ ፊትህ ቆሜ ማንን ነው የምትጠራው?» ቢሏቸው «ስምሽ አፌን ጣመው» አሉ። ሩትን፣ ቢኒያምንና ቤዛን ወለዱ።

አሁን ኦቦ ዩሱፍ ይመጣሉ። በ1988 ዓ.ም. ከሐረር ወጣ ብላ ካለችው ገጠር ከሶፊ የመጡት ገበሬ ኦቦ ዩሱፍ የድንበር ክርክር ነበራቸው። ስማቸው ሲጠራ ከግቢው ዛፍ ሥር የዙሁር ሶላት ላይ ናቸው። ጋሽ አሰፋ አንዴ ጠሩ፤ ሁለቴ ጠሩ፤ ሰውየው ግንባራቸው መሬት ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ሳል ያዛቸው። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳሉ። ዳኛው ከውስጥ «አሰፋ! ምን ሆንክ?» ሲሉ «ክቡር ዳኛ፣ አክታ ነው!» አሉ። ኦቦ ዩሱፍ ሶላታቸውን ጨርሰው ሲነሱ አክታው ጠፋ፤ ሦስተኛው ጥሪ ወጣ። ኦቦ ዩሱፍ ድንበራቸውን አስከበሩ። በሳምንቱ አንድ ማዳበሪያ ኦቾሎኒ ተሸክመው ጋሽ አሰፋ ቤት መጡ።

«ጉቦ ነው፤ አልቀበልም» አሉ ጋሽ አሰፋ።

«አቦ ተወኝ! መዝገቡ ተዘግቷል፤ አሁን ወዳጅነት ነው» አሉ ኦቦ ዩሱፍ።

ከዚያ ወዲህ ኢድ ያለ ጋሽ አሰፋ፣ ገና ያለ ኦቦ ዩሱፍ አልዋለም። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፤ ወሬው አንድ ላይ ነው።

በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጋሽ አሰፋ አፍንጫቸው ታፈነ። «ሳይነስ ነው» ተባለ። በሐረር ሳይነስ የማያክም ሰው የለም፤ አንዱ ባሕር ዛፍ ታጠን ይላል፣ አንዱ ዳማ ከሴ፣ አንዱ የሐኪም ጋራ ንፋስ ነው ይላል። ኅዳር ላይ ቆሻሻ ሲጤስ «ይኸው ጭሱ!» ተባለ፤ ጭሱ ሄደ፣ አፍንጫው እንደታፈነ ቀረ። ከዚያ ሌላ ሌላው መጣ። ሸዋ በር ሰው በሸሚዝ በሚያልብበት ቀትር እሳቸው ኮት ይደርባሉ። አግዳሚ ላይ ቁጭ ካሉ እንቅልፍ ነው። ጠዋት ፊታቸው ያብጣል። ሌሊት ትንፋሽ እያጠራቸው በሁለት ትራስ ተደግፈው ይተኛሉ። በመጨረሻ ያ ድምፅ ጎረነነ። አንድ ቀን «ነስሮ!» ብለው የጠሩት ሰው በረንዳው ሥር ቆሞ አልሰማቸውም። መዝገቡ ሊዘጋ ሲል ለሌላ ጉዳይ የመጡት ኦቦ ዩሱፍ ከአጥሩ ጋር ሆነው «ነስሮ! አንተ ደንቆሮ! እየተጠራህ ነው!» ብለው ጮሁላቸው። በረንዳው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ አሰፋም ሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን እራት አልበሉም። ብዙም ሳይቆይ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። አቧራ ላይ አቧራ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ያኔ ነው ነጯ ኪኒን የመጣችው። ለአፍንጫ ፍቱን ናት ተብላ ሐኪም ሳያዛት የተገዛች ናት። በዋጡ በማግስቱ አፍንጫቸው እንደ ጀጎል ግንብ በድሮ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ከዚያማ ማን ያስጥላቸው! ስድስት ዓመት ሙሉ ዋጧት። ፊታቸው ክብ ሲል «ተመቸህ!» ተባሉ። ያዘንን ማጽናናት፣ ለታፈነ ኪኒን ማካፈል ሆነ ሥራቸው። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው ከእጃቸው እንደዋጠ እግዜር ይወቅ፤ እዚህ ቆማችሁ የምትሰሙም አላችሁ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ቀን «ድኛለሁ፤ በቃኝ» ብለው በአንዴ ተዉት። በቀናት ውስጥ አስመለሳቸው፣ አዞራቸው፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ መሃል ወደቁ።

ያከመቻቸው ዶክተር ብሌን በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ናት። ደም አስመርምራ ስትመጣ «አባባ፣ የአፍንጫዎ ችግር ከአፍንጫዎ አልጀመረም፤ ከአንገትዎ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ደክሟል» አለቻቸው።

«እንቅርት እናቴ ነበረባት። እኔ አንገቴን እዪው፤ የዶሮ አንገት ነው» አሉ።

«ሳያብጥም ይደክማል። እሱ ሲደክም ሰውነት ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ ይበርድዎታል፣ ያንቀላፋዎታል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ የአፍንጫ ውስጡም ሊያብጥ ይችላል። የታፈነ አፍንጫ ሁሉ ከዚህ ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ጉንፋንና አቧራ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጡ ግን መመርመር ነበረብዎት።»

ቀጥላ ነጯ ኪኒን ስቴሮይድ የሚሏት መሆኗን ነገረቻቸው። ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ ሰው ሲታመምና ሲደነግጥ አቅም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ኪኒኗ ለዓመታት ሥራቸውን ስትሠራላቸው እነሱ ተኙ። ድንገት ስትቀር ሰውነት ያለ ጠባቂ ቀረ፤ የጣላቸው ይኸው ነው። ጋሽ አሰፋ ይህን ሲሰሙ «ገባኝ፤ ረዳት የተቀጠረለት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኑ ማለት ነው» አሉ። ዶክተሯ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ጣቷን ቀስራ «ይህን ኪኒን ከእንግዲህ አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። ጉንፋን እንኳ ቢይዝዎ መጠኑ መጨመር አለበትና ወዲያው ይምጡ። ቀልድ አይደለም፤ ይሞታሉ» አለቻቸው።

ለታይሮይዱ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ሌላ መድኃኒት ጀመሩ። ዓመት ሳይሞላ ኮቱ ወለቀ፣ አፍንጫው ተከፈተ፣ ድምፃቸው ተመለሰ። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የመጨረሻዋን ቀን በረንዳው ላይ ቆመው ስም እንዲጠሩ ተፈቀደላቸው፤ ርግቦቹ ጣሪያውን ለቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የዕድራችን ለፋፊ ሆነው አገልግለዋል። ጥሩምባ ተገዝቶላቸው ነበር፤ አንድም ቀን አልነፉትም።

እንግዲህ ጋሽ ዳዊት የጠየቁት ጋ ደረስን። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ ኦቦ ዩሱፍ አፍንጫቸው ታፈነ። ቀትር ላይ ይበርዳቸዋል፤ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ይዟቸው የሶፊ መውረጃቸው ያልፋቸዋል። ጋሽ አሰፋ ምልክቱን ያውቁታል፤ «ተመርመር» ብለው ወተወቷቸው። ኦቦ ዩሱፍ «ጫቱን ማን ይለቅምልኛል? ምርቱ ይለቅ፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። ጋሽ አሰፋ ነጯን ኪኒን ከነመያዣዋ አውጥተው እጃቸው ላይ አደረጉ። «እስክትመረመር ይቺን ዋጥ።»

«አንተስ?» አሉ ኦቦ ዩሱፍ።

«እኔ ጓዳ ሌላ አለኝ።»

ወይዘሮ ፀሐይ በሩ ላይ ቆመው ይህን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ እሳቸውም አመኑ። ጓዳ ምንም አልነበረም። መድኃኒት ቤቱ «አልቋል፤ የሚመጣው ሳምንት ይገባል» ብሏቸው ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተነፈሱም። ትልቋ ልጃቸው ሩት ኋላ ሄዳ ጠይቃ ነው ያወቀችው። ጋሽ አሰፋ ለሳምንት ምን እሆናለሁ ብለው ይሆናል። የዓመታት ጤና ያዘናጋል። በመሃል ጉንፋን ያዛቸው፤ አስመለሳቸው፤ ቤቱ ሁሉ «ምግብ ነው» አለ። ሩት ከድሬዳዋ ደርሳ ሆስፒታል ስታስገባቸው ግሉኮሱም መርፌውም ተሰጣቸው፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ይኸው ነው እውነቱ። ኦቦ ዩሱፍ አልወሰዱም፤ ተሰጣቸው። አልዋሹም፤ ተዋሹ።

ከእጃቸው ኪኒን የተቀበላችሁ ሁሉ ስሙ፦ ደንግጣችሁ ዛሬ ቤት ስትገቡ እንዳትጥሉት። ለረጅም ጊዜ የዋጠ ሰው በአንዴ ሲያቆም ምን እንደሚሆን ሳጥኑ ይኸው ፊታችሁ አለ። ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያውቀው እሱ ነው።

አቶ አሰፋ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና የሶፊ ወዳጃቸውን ትተው ሄደዋል። ለሰው ሲል የሳለውን ጉሮሯቸውን ፈጣሪ ያሳርፍላቸው፤ የዋሹትን ያቺን አንዲት ውሸት ከምጽዋታቸው ይቁጠርላቸው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መሃል ያኑርልን። ለእናንተም በሶፊ ጭቃ፣ በባጃጅና በእግር ለመጣችሁ ሁሉ ብድራችሁን ይክፈል።

ወይዘሮ ፀሐይ ይህ ደግሞ ሳይቀር ይነበብ ብለዋል። ትናንት ከሰዓት ኦቦ ዩሱፍ ድንኳን አልገቡም፤ ውጪ ድንጋይ ላይ ኮታቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ወጡና አጠገባቸው ቆሙ። ኦቦ ዩሱፍ የተረፈውን ኪኒን እጃቸው ላይ አድርገው ቀና ሳይሉ «የሱን ዕድሜ ነው የዋጥኩት። ወላሂ ሁለተኛ መድኃኒት አልነካም፤ ሐኪም ቤትም አልረግጥም። አሰፋን ቀብሬ እኔ አፍንጫዬን ልታከም?» አሉ።

«አዎ!» አሉ ወይዘሮ ፀሐይ። «አንዱን ሞኝ ነገ እቀብራለሁ፤ የሌላውን ለቅሶ ግን አልቀመጥም። ተነስ!»