ስም የተቀረጸበት ፍሬን

ለምወድሽ ለእማዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ታናሼ ልደቱ ኪኒንሽን በሰዓቱ ይሰጥሻል ወይስ እንደ ልማዱ ይረሳል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ያለቀብኝ ትዕግሥቴ ብቻ ነው። እሱንም የጨረሰብኝ ወንድምሽ ክፍሌ ነው።

ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ የማድረውም እዚሁ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር፣ እሱ ቤት ነው። ይህን አልክድም። ግን ስልክ ላይ «የአባቴን ስም አታዋርጂ፣ ፈርሚለት» ብለሽ ስታለቅሺ ነገሩን አጣሞ እንደነገረሽ ገባኝ።

የምንሠራት ሳተላይት የጫማ ካርቶን ታህላለች። የሚያዞራት ሞተር የላትም። ውስጧ ያለው ማግኔት እንደ ኮምፓስ መርፌ አቅጣጫ ያስይዛታል፤ ማግኔት ብቻውን ግን ሲያወዛውዛት ይኖራል። ውዝዋዜውን የሚያበርዱት ሁለት ለስላሳ የብረት ዘንጎች ናቸው። ፍሬኗ እነሱ ናቸው በይው። ዘንጎቹ ከተቀጠቀጡ ደግሞ ለስላሳነታቸው ስለሚጠፋ አለቀላቸው።

ታዲያ የድርጅታችን ኃላፊ፣ ክቡር ወንድምሽ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ዘንጎቹን ካርቲየ 5 ሰፈር ወስዶ ለወርቅ ሠሪው ለዘከሪያ ሰጠ። ስም ቅረጽባቸው አለው። ሰውየው ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን በመዶሻና በመርፌ ቀጥቅጦ ጻፈ። በአንዱ ላይ የአያቴን ስም «ደምመላሽ» በጥቃቅን ፊደል፣ በሌላው ላይ «ክፍሌ ደምመላሽ» ዳር እስከ ዳር! አያቴ ዕድሜውን በሙሉ የባቡር ፍሬን ሲያበጅ ኖረ፤ ልጁ ግን ስሙን አስከብራለሁ ብሎ ፍሬን አበላሸ።

በክር አንጠልጥዬ ስሞክራት ወዲያው ትረጋ የነበረችው ሳተላይት፣ የተቀረጹት ዘንጎች ከገቡባት በኋላ ወንድምሽ ጫቱን ቅሞ ሲመለስም ትወዛወዝ ነበር። የጅቡቲን ባሕር ዳርቻ ፎቶ የምታነሳው በዚህ ዓይነት ነው? ይህን ስለው «ሰማይ ላይ ማን ያያታል?» አለኝ። ይሄ ነው እንግዲህ አለቃዬ! ደኅና ናት ብዬ ካልፈረምኩ ከሥራም ከቤቱም እንድወጣ ነገረኝ።

ስለዚህ እማዬ፣ እንዳልሽኝ ፈረምኩ። የፈረምኩት ግን እሱ ከጫቱ ሳይነሳ የስም ዘንጎቹን አውጥቼ መጠባበቂያዎቹን፣ ማንም ስም ያልቀረጸባቸውን፣ ካስገባሁ በኋላ ነው። ትንሽ ተወዛውዛ እርግት አለች። ሳጥኑም ታሽጎ ወደ ማምጠቂያው ሄደ። እሁድ ወንድምሽ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ «አባቴ ሰማይ ሊወጣ ነው» እያለ የሰው እጅ ሲጨብጥ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ከፈለግሽ ንገሪው። ያባርረኝ ይሆናል፤ ጓደኛዬ አበቡ ዋራበሌ ሰፈር ካለው ቤቷ ፍራሽ ዘርግታልኛለች።

ልደቱን ሳሚልኝ። እትዬ ሰብለወርቅን ናፍቀሻታል በያት። ጎረቤታችንን ጋሽ ጸሐዬንም ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። አያቴን ደግሞ እንዲህ አድርጊልኝ፤ ዘንጎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠቅልዬ ልኬልሻለሁና የእሱን ዘንግ ፎቶው ሥር አስቀምጪለት፤ እዚያ ይረፍ። የወንድምሽን የት እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ፤ በሩ ፍሬን አጥቶ በነፋስ ሲንኳኳ ያስቸግርሽ የለ?

ልጅሽ ዝማሬ
ጅቡቲ፣ ጋቦዴ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.