ከመቶ ዘጠኝ የተባለችውን ልጅ ያሳደጉት የወይዘሮ ፈንታነሽ ያየህ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፈንታነሽ ያየህ ከአባታቸው ከመሪጌታ ያየህ አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩአየሁ ኃይለ ሚካኤል በ1958 ዓ.ም. በቢቸና ተወለዱ። ይህን ጽፋ የምታነበው ልጃቸው ብሩክታይት ናት። ወንድማቸው አቶ እንዳለው ያየህ አዘጋጅተውት የነበረው ወረቀት «ልጅ የላቸውም» ስለሚል ተቀዷል። መውለድስ አልወለዱም። ልጅ ግን አላቸው፤ ይኸው ቆማ እያነበበች ነው።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1975 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። በቢቸና ገበያ ጤፍና ሽምብራ ሲነግዱ መስፈሪያውን ጢም አድርገው ስለሚሞሉ ደንበኛ አጥተው አያውቁም ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ ስንቄ ባለቤታቸውን ተከትለው በኤች አይ ቪ ምክንያት ሲያርፉ፣ የአንድ ዓመት ሕፃናቸውን ብሩክታይትን ተረከቡ። ቤተሰቡ የወይዘሮ ስንቄን ሞት እስከ ዛሬ «ምች ነው» ይላል። በዓመቱ ሕፃኗ ስትመረመር ቫይረሱ በደሟ ተገኘ፤ ሲዲ ፎር የሚባሉት በሽታ ተከላካይ ሕዋሶቿ ድርሻም ከመቶ ዘጠኝ ሆነ። የጤናማ ሕፃን ከሠላሳ በላይ ነው። ነርሷ ሲስተር ስርጉት መከላከያዋ ስለወረደ መድኃኒቱ ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲጀመር አስረዳች። አቶ እንዳለው ግን ያችኑ ቁጥር አይተው፣ የመኖር ተስፋዋ ከመቶ ዘጠኝ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዳቸውንም በማርያም ማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እንዲህ ሲሉ አሰሙ፦ «ይህች ልጅ ከመቶ ዘጠኝ ናት። ለማትተርፍ ልጅ ብለሽ ቤትሽን አታፍርሺ!» ወይዘሮ ፈንታነሽ የነርሷን ቃል ቢነግሯቸው «ቁጥር ቁጥር ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጽዋው ሲዞር እሳቸውን እየዘለለ ያልፍ ጀመር። ያን ጽዋ ያሳለፉ እጆች ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቀው ከፊት ተቀምጠዋል። ባለቤታቸውም ከእሳቸውና ከሕፃኗ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው፤ ወይዘሮ ፈንታነሽ አንድ ቀን እንኳ አላሰቡበትም።

በ2001 ዓ.ም. ሕፃኗን አዝለው ሞጣ ገቡ፤ ጉልት ተቀምጠው ሽንኩርትና በርበሬ ሸጡ። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ስትተፋው እንደገና እየሰጡ፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ አጠጧት። ዘጠኙ ሃያ አንድ ሆነ፤ ቆይቶም ሠላሳ ሦስት። ያን ዕለት የምርመራውን ወረቀት ይዘው በአውቶቡስ ቢቸና ድረስ መጡ። አቶ እንዳለው በር ላይ ቆመው፣ ሳያነቡት መለሱላቸው። ወረቀቱ አሁን በብሩክታይት እጅ ነው፤ ማንበብ የሚፈልግ ካለ ከቀብር በኋላ ይምጣ።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጀመራቸው። አቶ እንዳለው አንድ ጊዜ መጥተው ጠየቋቸው፤ ሐኪሙንም «ተስፋዋ ከመቶ ስንት ነው?» አሉት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ቁጥር እንደሌለው ነገራቸው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው አረፉ። በእናታቸው አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዝዘው ነው እንጂ፣ ለልጃቸው ቢተው ቢቸና አታመጣቸውም ነበር።

አንድ ወንድምና አንዲት ልጅ ትተው አልፈዋል። ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው፤ መድኃኒቷን ዛሬም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወስዳለች።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ፣ ጽዋ ማንንም ከማይዘልበት ከቅዱሳን ማኅበር ይደምርልን። ለአቶ እንዳለውም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ብሩክታይትን ብዙ ዓመት እንዲያዩዋት።