በአንቺ ላይ የተናገርኩት

አስናቁ፣ የልጆቼ እናት፤

ከተለየሽን አምስት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ደህና ነን እንዳልልሽ፣ ደህና የሆኑት ልጆቹ ብቻ ናቸው። ማርታ ፀጉሯን ራሷ ትሠራለች፤ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድልም ማንንም አታስነካም። ትንሹ ትምህርት ቤት ገብቷል። የጓዳው ጣሪያ ተጠግኗል፤ አያፈስም። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከፋብሪካ እስከ መካኒሳ ታክሲ ትቼ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ቤት ስደርስ ደግሞ ተመልሼ የምወጣበት ሰበብ እፈልጋለሁ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ስሚኝ እንጂ አትቆጪኝ። ኧረ ተቆጪኝ።

የጭሱን ቀን ታስታውሻለሽ። አንቺ ከስፌት መኪናሽ ፊት፣ እኔ የአዳራሹ የኋላ በር ዘበኛ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ሾልኮ እንዳይወጣ በሥራ ሰዓት በሩ ይቆለፍ ሲለኝ አቤት ብዬ ቆለፍኩ። አንቺ ገና የመጀመሪያው ቀን «ሰው ውስጥ አድርጎ መቆለፍ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብለሽኝ ነበር። ታዝዤ ነው አልኩሽ። እንጀራ ነው አልኩሽ። የመብራቱ ሽቦ ተቃጥሎ ጭሱ አዳራሹን ሲሞላው፣ ሥራ አስኪያጁን ሳልጠይቅ አልከፍትም እያልኩ ስንተባተብ፣ ቁልፉን ከእጄ ነጥቀሽ የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ያ ሁሉ ሴት በዚያ በር ወጣ። የፈረቃ ጓደኛሽ ዝናሽ ብቻ መጠበቅ አልቻለችም፤ በመስኮት ዘልላ ዳሌዋ ተሰበረ።

አንቺ በሳንባሽ ታመሽ ካረፍሽ በኋላ ግምገማ ተጠራ። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ እየተነሣ የራሱንም የሌላውንም ጥፋት ይናገራል። ሥራ አስኪያጁ «በሩን የቆለፈው ዘበኛው ነው፤ እኔ ቆልፍ አላልኩም» አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ለልጆቹ ስል ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ልጆቹን ያሰብኳቸው ግን ኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ብቻ ነበር። «ያን ቀን ቁልፉ ሚስቴ ጋ ነበር፤ ምሳ ስበላ ትይዝልኛለች» አልኩ። በጭሱ ውስጥ ማን ከማን እንደነጠቀ ያየ የለም፤ ቁልፉን በእጅሽ ግን ብዙዎቹ አይተዋል። ሥራ አስኪያጁ «ነፍሷን ይማር» ብሎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። እኔም ተቀመጥኩ። እፎይ አልኩ፣ አስናቁ። ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ነው።

ለሰማንያ ቀን መታሰቢያሽ አቦ ደጅ ዳቦ ይዤ የፈረቃሽን ሴቶች ጠበቅኩ። በሩን የቆለፍሽባቸው አንቺ መስለሻቸው አንዷም አልመጣችም። ቀብርሽ ላይ ደረታቸውን ሲመቱ የዋሉት እነሱ ናቸው። እኔን ቢቀጡኝ ደግ አደረጉ፤ የቀጡት ግን አንቺን ነው። ስምሽን በክፉ አስነሣሁት።

ባለፈው እሑድ ፉሪ ድረስ ሄጄ ለዝናሽ እውነቱን ነገርኳት። ምርኩዟን ተደግፋ ቆማ ሰማችኝ። «ለኔ ለብቻዬ መንገርህ ለሷ ምን ያደርግላታል? የዋሸህበት ቦታ ሄደህ ተናገር» አለችኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለችኝም። ልክ ናት።

ዛሬ ከምሳ በኋላ እንደገና ግምገማ አለ። ይህንን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሆኜ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ። ያ ሥራ አስኪያጅ ዓይኑን ካፈጠጠብኝ ሳልጠራ አቤት እላለሁ። ቢያባርረኝ ልጆቹን በምን እንደማሳድግ አላውቅም።

እስከ ዛሬ አልረሳሽም ስልሽ የኖርኩት በልቤ ነው። በልቤ ያልኩትን ደግሞ ያ ሁሉ ሰው አልሰማውም። ስለዚህ ይህንን ወረቀት መቃብርሽ ላይ አላኖረውም፤ ይዤው እገባለሁ። አፌ እንደ ልማዱ ከከዳኝ፣ ከላይ እስከ ታች አነብላቸዋለሁ። ተቀመጥ ቢለኝም ቆሜ እጨርሰዋለሁ።

ባልሽ ታደሰ